«-አይተስ» ምንድን ነው?

በ«አይተስ» የሚያልቅ የበሽታ ስም ሁሉ ኢንፌክሽን ነው፣ ስለዚህ አንቲባዮቲክ ይፈልጋል የሚል አባባል በየቦታው ይሰማል። ይባስ ብሎ ቃሉን እየተነተነ «አይተስ በግሪክኛ ጀርም ማለት ነው» የሚል አዋቂም ተገኝቷል። አይደለም። ጥንትም እንዲህ ማለት አልነበረም፤ ዛሬም አይደለም።

እኛ ከእንግሊዝኛ ወስደን «-አይተስ» የምንለው የግሪክኛው «-ኢቲስ» ቅጽል መሥሪያ ነው፤ ያውም የሴት። አማርኛ ለሚናገር ሰው ነገሩ ቀላል ነው፣ «-ዊት» አለችን። እኛ «ኢትዮጵያዊ፣ ኢትዮጵያዊት» እንደምንለው ግሪኮች ለወንዱ «-ኢቴስ»፣ ለሴቷ «-ኢቲስ» ይላሉ። «አርትሮን» መገጣጠሚያ ነው። በሽታ ማለት የሆነው «ኖሶስ» ደግሞ በሰዋስዋቸው ሴት ነው። ስለዚህ «አርትሪቲስ ኖሶስ» ቃል በቃል «መገጣጠሚያዊት በሽታ» ነበር። ኋላ «ኖሶስ» ተጣለችና ቅጽሏ ብቻዋን ስም ሆና ቀረች። (ወንዱ «-ኢቴስ»ም አልጠፋም፤ የእንግሊዝኛው «እስራኤላይት» መጨረሻ እሱ ነው።) ጀርም የሚባል ነገር በዚህ ሁሉ ውስጥ የለም። ቃሉ የታመመውን ቦታ ይጠቁማል፤ አለቀ።

ቅጥያዋ «ብግነት» የሚለውን ጠባብ ትርጉም አጥብቃ የያዘችው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ያኔ የአውሮፓ ሐኪሞች በሽታን እንደ ዕፅዋት በየወገኑ መደልደል ይዘው ነበር። ከዚያ በኋላ አዳዲስ ስሞች ተከታተሉ። «ብሮንካይተስ»ን (የሳንባ አየር ቧንቧ ብግነት) በ1808 እ.ኤ.አ. ሐኪሙ ቻርልስ ባድሃም አወጣው። የቦስተኑ ሐኪም ሬጂናልድ ፊትዝ ደግሞ በ1886 እ.ኤ.አ. የትርፍ አንጀትን ብግነት «አፔንዲሳይተስ» አለ፤ ግንዱ ላቲን፣ ጅራቱ ግሪክ፣ የቋንቋ ሰዎች የሚያጉረመርሙበት ድቅል። ከእሱ በፊት ያው ሕመም «ታይፍላይተስ» ይባል ነበር፤ የታመመው የትልቁ አንጀት መነሻ ነው ተብሎ ይታሰብ ስለነበር። ቅጥያው ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ቦታው ነው።

ብግነት ምንድን ነው? መቅላት፣ ማበጥ፣ መሞቅ፣ መታመም። ሮማዊው ኬልሰስ እነዚህን አራቱን ከጻፋቸው ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላ ነው። ሁሉም የሰውነት ምላሽ ናቸው፤ የጠላት ስም አይደሉም። ሰፈር ውስጥ ኡኡታ ሲሰማ አስቡት። ጎረቤት ዱላ ይዞ ይወጣል፣ አጥር ይገፋል፣ ጓሮ ይረገጣል። «-አይተስ» የሚነግራችሁ ኡኡታው ከማን ቤት እንደተሰማ ነው። ሌባ ይግባ፣ ማዕድ ቤት ይቃጠል፣ ባልና ሚስት ይጣሉ አይነግራችሁም። አንቲባዮቲክ ሌባ ላይ የሚተኮስ ጥይት ነው፤ እሳት አያጠፋም።

አርትራይተስን ውሰዱ። ባክቴሪያ መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ ከሆነ እውነትም ሌባ ነው፣ ድንገተኛም ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ፈሳሹ በመርፌ ተቀድቶ መመርመር አለበት። ሪህ ከሆነ ግን ጥፋተኛው የዩሪክ አሲድ ክሪስታል ነው። ሩማቶይድ (የሰውነት መከላከያ በራሱ መገጣጠሚያ ላይ የሚነሳበት) ከሆነ ደግሞ ለእርዳታ የመጡት ጎረቤቶች ባለቤቱን ራሱን እየደበደቡ ነው፤ ሕክምናውም እነሱን ማረጋጋት ነው። የሩማቶይዱን መድኃኒት ለባክቴሪያው ብትሰጡ ሌባውን ትታችሁ ዘበኛውን አሰራችሁ ማለት ነው። ስሙ አንድ፣ ሕክምናው ሦስት።

የሚገርመው፣ ቅጥያው ኢንፌክሽን ማለት ቢሆን ኖሮ ሳንባ ላይ ነገሩ ይገለበጥ ነበር። «ኒሞኒያ»፣ የሳንባ ምች፣ ኢንፌክሽን ነው፤ አይተስ የለውም። «ኒሞናይተስ» ግን ሐኪሞች በአብዛኛው ኢንፌክሽን ላልሆነው ያስቀሩት ስም ነው፦ ከጨረር ሕክምና በኋላ፣ እንደ ሜቶትሬክሴት ባሉ መድኃኒቶች፣ ወይም የሻገተ ድርቆሽ አቧራ ሲተነፍሱ ለሚመጣው።

ሄፓታይተስም ቫይረስ ብቻ አይደለም፤ አልኮልም፣ የቲቢ መድኃኒቱ አይሶናያዚድም ጉበት ያስቆጣሉ። ጋስትራይተስ (የጨጓራ ብግነት) ላይ ግን ተከራካሪዬ ግማሽ መንገድ አብሮኝ ይሄዳል። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን የጨጓራ ባክቴሪያ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን አግኝተው በ2005 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልመውበታል፤ አንቲባዮቲክም ይሰጥበታል። ይሁንና መጀመሪያ በምርመራ መረጋገጥ አለበት፤ ሕክምናውም የአሲድ መቀነሻ የተጨመረበት የበርካታ መድኃኒቶች ጥምር ነው፣ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን። ብቻውን የተገዛ አሞክሳሲሊን ባክቴሪያውን ከማስለመድ በቀር አይረባም። ለወገብ ሕመም በየቀኑ ዳይክሎፌናክ ሲውጥ ጨጓራው ለተላጠ ሰው ደግሞ ዋናው ሕክምና ዳይክሎፌናኩን ማቆም ነው።

ቶንሲል ላይ ግን ወዲያኛው ጫፍ ሄዶ አንቲባዮቲክን ጨርሶ መተውም አደጋ አለው። አብዛኛው የቶንሲል ብግነት ከቫይረስ ነው፤ የስትሬፕ ባክቴሪያ ሲሆን ግን ካልታከመ የሩማቲክ ትኩሳት አምጥቶ የልጅን የልብ ቫልቭ ሊያበላሽ ይችላል። ትኩሳት ያለው፣ የአንገቱ ንፍፊት ያበጠ፣ ሳል የሌለው ልጅ ይታይ። ፔኒሲሊን ከታዘዘለት ወይ አንድ የቤንዛታይን መርፌ ነው፣ ወይ የአሥር ቀን እንክብል፤ በሦስተኛው ቀን ተሻለው ተብሎ አይቆምም።

ቅጥያውን ያላግባብ የተሸከሙም አሉ። ሰነባብቶ የሚያም ጅማት «ቴንዲናይተስ» ይባላል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን የብግነት ሕዋስ እምብዛም የለም፣ ያለው የተዘበራረቀ የጅማት ክር ነው። ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች ስሙን ወደ «ቴንዲኖፓቲ» ቀይረዋል። አሜሪካ ያሉ ልጆቻችሁ በመጨረሻው የሁለተኛ ደረጃ ዓመት «ሲኒየራይተስ ያዘኝ» ቢሏችሁ ደግሞ ስንፍናን በበሽታ ስም ማሽሞንሞን ነው፤ አትደንግጡ።

እኛ ቅጥያውን ቆርጠን መጣል እንወዳለን። «ሳይነስ አለብኝ» እንላለን፤ ሳይነስ የሌለበት አዋቂ የት ይገኛል? ፊት አጥንት ውስጥ ያለ የአየር ክፍተት ነው። ግሪኮቹ በሽታዋን ጥለው ቅጽሏን አስቀሩ፣ እኛ ቅጽሏንም ጥለን አካሉን ብቻ ይዘን ቀረን። እንግሊዝኛም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። «ፖሊዮማይላይተስ» የአከርካሪ ውስጥ ግራጫው ክፍል ብግነት ነው፤ «ፖሊዮስ» ግራጫ ማለት ነውና። ተቆርጦ «ፖሊዮ» ሲባል ታዲያ ልጁን የያዘው በሽታ ስሙ «ግራጫ» ሆኖ ቀረ።