የውስኪው ፒፒኤም ከፍ ስላለ ጭሱም ይበዛል ማለት ነው?

ጭስ ጭስ የሚል ሲንግል ሞልት (ከአንድ ፋብሪካ ብቻ የሚወጣ የገብስ ብቅል ውስኪ) ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ፒፒኤም ነው?» ነው፣ ግን ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ጭስ አይደለም የሚነግራችሁ፣ የገብሱን ብቅል ነው። ብቅሉ ፒት በሚባለው የረግረግ አፈር ጭስ ሲደርቅ ፌኖል የሚባሉ ኬሚካሎች ይይዛል፣ ከሚሊዮን ውስጥ ስንቱ ፌኖል ነው የሚለው ነው ፒፒኤም።

ከዛ በኋላ ግን ብቅሉ ይፈጫል፣ ይብላላል፣ በመዳብ ጋን እንደ አረቄ ፈልቶ ይጣራል፣ በርሜል ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል፣ በየደረጃው ፌኖሉ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ዋናው ነገር ማጣራቱ ላይ ነው፣ ፌኖሎቹ በብዛት የሚወጡት ወደ መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ አጣሪው አልኮሉን መሰብሰቡን ቶሎ ካቆመው ጭሱ ይቀላል፣ ካዘገየው ይከብዳል።

ለምሳሌ የስኮትላንዷ አይላ ደሴት ላይ ላጋቩሊን እና ካኦል ኢላ የሚባሉት የውስኪ ፋብሪካዎች ሁለቱም ከፖርት ኤለን የብቅል ፋብሪካ 35 ፒፒኤም አካባቢ የሆነ ብቅል ነው የሚጠቀሙት፣ ቅመሷቸው ግን፣ ላጋቩሊን ወፈር ከበድ ያለ ነው፣ ካኦል ኢላ ደግሞ ቀለል ያለ ንፁህ ጭስ። ኦክቶሞር የሚባለው ውስኪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ፒፒኤም በላይ የሆነ ብቅል ይጠቀማል፣ ሆኖም የ35ቱን ሦስት እጥፍ ይጨሳል ብላችሁ አትጠብቁ (ቁጥሩ ለማስታወቂያ ግን አሪፍ ነው 😄)።

ስትቀምሱ አፍንጫችሁን ብርጭቆው ውስጥ አትክተቱት፣ አልኮሉ ያደነዝዛችኋል። የመጀመሪያዋ ጉንጭ የሆስፒታል ሽታ ብቻ ብትመስላችሁም አትፍረዱ፣ ጠብታ ውሃ ጨምሩና ሁለተኛዋን ሞክሩ፣ ጣፋጩና ጨው ጨው የሚለው ያኔ ነው ብቅ የሚለው።