ሴፕቲን 9 ምንድን ነው? በደም የሚታየው የአንጀት ካንሰር ምልክት

ሴፕቲን 9 ሴል ለሁለት ሲከፈል የሚሠራ ፕሮቲን የሚወጣበት ጂን ነው፤ ሁሉም ሰው አለው። ምርመራው የሚፈልገው ጂኑን ሳይሆን የተለጠፈበትን ነገር ነው። በትልቁ አንጀት ካንሰር ሴሎች ውስጥ የዚህ ጂን ማስነሻ አካባቢ (ጂኑ ሥራ የሚጀምርበት ቦታ) ሜቲል በሚባል ትንሽ የኬሚካል ምልክት ይሸፈናል፣ በጤናማ የአንጀት ሴል ግን ይህ ብዙም አይታይም። የካንሰር ሴሎች ሲሞቱ የዲኤንኤ ስብርባሪያቸው ወደ ደም ይገባል። ላብራቶሪው የሚፈልገው ያንን ሜቲል የለበሰ ስብርባሪ ነው።

አስቸጋሪው ነገር የስብርባሪው ማነስ ነው። በደም ውስጥ ከሚንሳፈፈው ዲኤንኤ አብዛኛው የነጭ የደም ሴሎች ነው፤ በሽታው ገና ሲጀምር የካንሰሩ ድርሻ ከመቶ አንድ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ ውጤቱ ከማሽኑ በፊት ገና ቱቦው ላይ ሊበላሽ ይችላል። በተራ የኢዲቲኤ ቱቦ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል ባለበት ቱቦ) የተቀዳ ደም ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ሳይለይ ቢያድር ነጭ ሴሎቹ ይፈነዱና የራሳቸው ዲኤንኤ የካንሰሩን ይውጠዋል። ሴረም (ደም ከረጋ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ) የማይመረጠውም ደም ሲረጋ ሴሎች ስለሚፈርሱ ነው። ፕላዝማው ሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ ሴሎችን የሚለይ ማሽን) ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገባል፤ ሁለተኛው ዙር የቀሩትን ሴሎች ለማስወገድ ነው።

ቀጥሎ ባይሰልፋይት ይጨመራል። ይህ ኬሚካል ሜቲል የሌለውን ሳይቶሲን (ከዲኤንኤ አራት ፊደላት አንዱን) ወደ ዩራሲል፣ ማለትም ወደ ሌላ ፊደል ሲለውጥ ሜቲል ያለበትን አይነካውም፤ ፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ የሚያሳይ ዘዴ) ሁለቱን የሚለየው በዚህ ነው። ባይሰልፋይት ግን ዲኤንኤውንም ይቆራርጣል። ለዚህ ሲባል ቤታ አክቲን የተባለ በሁሉም ሰው ያለ ጂን አብሮ ይለካል። እሱ በበቂ ካልታየ ናሙናው ዋጋ የለውም፤ «ኔጋቲቭ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው።

ኢፒ ፕሮኮሎን የተባለው የሴፕቲን 9 ምርመራ በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፈቃድ ሲያገኝ ለአንጀት ካንሰር ከሚደረጉ የደም ምርመራዎች የመጀመሪያው ነበር። ቀደም ባለው ስሪቱ በተደረገው ትልቅ ጥናት ካንሰር ካለባቸው ሰዎች 48 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው ያገኘው፦ በደረጃ 1 35 በመቶ፣ በደረጃ 4 77 በመቶ። የተሻሻለው ስሪት ወደ 68 በመቶ ከፍ ቢልም ካንሰር ከሌለባቸው አምስት ሰዎች አንዱን ያህል በከንቱ ያስደነግጣል። እርግዝና፣ ሥር የሰደደ የጨጓራ መቆጣትና የሳንባ ካንሰርም ፖዘቲቭ ሊያሳዩ ይችላሉ። በ2024 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ሺልድ የተባለ ሌላ የደም ምርመራ ብዙ ምልክቶችን አንድ ላይ ስለሚያይ በጥናቱ 83 በመቶ ደርሷል፤ ወደ ካንሰር ሊቀየሩ የሚችሉ ትልልቅ ፖሊፖችን (በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅሉ እብጠቶችን) ግን ያገኘው 13 በመቶውን ብቻ ነው።

ለእኛ ዋናው ቁጥር ይህ የመጨረሻው ነው። ኮሎኖስኮፒ (ካሜራ ያለው ቱቦ ወደ ትልቁ አንጀት የሚገባበት ምርመራ) ፖሊፑን አይቶ እዚያው ይቆርጠዋል፤ የደም ምርመራው ግን ፖሊፑን አብዛኛውን ጊዜ ያልፈዋል። ፖዘቲቭ የሆነ ሰው ኮሎኖስኮፒ ማድረግ አለበት። ሰገራው ላይ ደም የሚያይ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ ያለበት ሰው ደግሞ በኔጋቲቭ ውጤት ተማምኖ መቅረት የለበትም፤ ምርመራው የተሠራው ምልክት ለሌለው ሰው ነው።