ዝቅተኛ ዕድል፦ የበልግ ትንበያ በሰሜን ሸዋ

ዝቅተኛ ዕድል አለው የሚባለው ሊሆን የሚችል፣ ግን ይሆናል ተብሎ የማይጠበቅ ነገር ነው። በሰሜን ሸዋ ጉዳዩ ከሁሉ በላይ የሚከብደው በዝናብ ትንበያ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከበጋ፣ ከበልግና ከክረምት በፊት የየወቅቱን ትንበያ ያወጣል። ዝናቡን ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ እና ከመደበኛ በታች ብሎ በሦስት ይመድብና ለእያንዳንዱ መቶኛ ይሰጣል። ለምሳሌ ለበልግ 45፣ 35 እና 20 ቢል፣ ብዙ ጊዜ ገበሬው ጋ የሚደርሰው «ዘንድሮ በልጉ ጥሩ ነው» የሚለው ብቻ ነው። 20ዋ መንገድ ላይ ትቀራለች፤ ለመንዝ ገበሬ ግን ዋናዋ እሷ ናት። እንዲህ ያለ ትንበያ በተነገረ ቁጥር፣ ከአምስቱ ዓመት በአንዱ ዝናቡ ያንሳል ማለት ነውና። የአንዱ ዓመት ዝናብ በሌላው ላይ ካልተመሠረተ፣ ይህ እንዲህ ባሉ አምስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመድረስ ዕድሉ 67 በመቶ፣ በአሥር ዓመት ደግሞ 89 በመቶ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ሦስቱንም ቁጥሮች ማንበብ አለበት፤ ትልቁን ብቻ መንገር ዘሩን በሙሉ በአንድ ጊዜ አፍስስ ብሎ እንደ መምከር ነው።

በልግ በመንዝ ደጋ ይህን ያህል የሚያሳስበው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው መሬት ክረምቱን ብርድና በረዶ ይበዛል፣ ማሳው ላይም ውሃ ይተኛል። ከዚያ የተረፈውን የመኸር እህል ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ውርጭ ይመታዋል፤ ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ስለሚወርድ ከተዳፋቱ ይልቅ ረባዳው ቀድሞ ይጎዳል። ገብስ በበልግ የሚዘራው ከዚህ ለማምለጥ ነው፤ የበልግ ዝናብ ደግሞ ከክረምቱ ይልቅ ዋዣቂ ነው።

ኤልኒኖ፣ ማለትም የፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው በላይ መሞቅ፣ ክረምቱን ሲያሳንስ በልጉን ብዙ ጊዜ ያግዛል። በ2007 ዓ.ም. ግን በልጉም ከሸፈ፣ ክረምቱም በኤልኒኖ ተመታ። ሁለቱም ባንድ ዓመት ሲሄዱ ጎተራውን የሚሞላ ወቅት አይኖርም።

ለእንዲህ ያለው ዓመት መንዝ የራሱ መጠባበቂያ አለው። አንዱ በግ ነው፤ የመንዝ በግ ብርድንና የግጦሽ እጥረትን ይችላል፣ እህል ሲጠፋ ተሽጦ እህል ይሸመትበታል። ሌላው ጓሳ የሚባለው የመንዝ ደጋ የሣር መሬት ነው። ቄሮ በሚባለው የቆየ የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት አካባቢው ለዓመታት ተዘግቶ ሣሩ እንዲያድግ ይደረግ ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲመጣ ቀኑ ታውጆ ይከፈት ነበር። ያ አሠራር ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ። ዛሬ ጓሳን የሚጠብቀው የአካባቢው ማኅበረሰብ ራሱ ነው።