«የእኔ አንድ ድምፅ ምን ሊፈይድ?»፦ ስለ ምርጫ የምንላቸው ነገሮችና እውነታው

ምርጫ ሲቃረብ ደብረ ብርሃን ቡና ቤት ውስጥም፣ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ሲጫንም የሚሰማው ወሬ ተመሳሳይ ነው። አጣዬ ከተማ በ2013 በግጭት የደረሰባትን ውድመት ያየ ሰው «ምርጫ ምን አመጣልኝ?» ቢል አልፈርድበትም። ተስፋ መቁረጥ ግን አንድ ነገር ነው፤ የተሳሳተ ግንዛቤ ሌላ።

«ከሚሊዮኖች መሃል የእኔ ድምፅ የት ትገባለች?»

ድምፅ የሚቆጠረው በየምርጫ ክልሉ እንጂ አገሩ በሙሉ በአንድ ላይ ተደምሮ አይደለም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ አለው። በየምርጫ ክልሉ ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘው ያልፋል፤ ከግማሽ በላይ እንዲያገኝ አይጠበቅበትም። ተፎካካሪ ሲበዛ ደግሞ ድምፁ ይከፋፈልና ልዩነቱ ሊጠብ ይችላል። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በፈረንጆቹ 2017 ሁለት የክልል ምክር ቤት ዕጩዎች እኩል 11,608 ድምፅ አግኝተው አሸናፊው በዕጣ ተለየ። አንድ ሰው ከቤቱ ቢወጣ ኖሮ ዕጣ ባላስፈለገ ነበር።

እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለው ብርቅ ነው። «ወሳኙ ያንተ ድምፅ ነው» የሚለው ቅስቀሳ እኔን ብዙም አያሳምነኝም። ለቅሶ የምንሄደው ግን ሟቹን ልናስነሳ ነው እንዴ? መገኘታችን ራሱ ትርጉም ስላለው ነው። አንዱ የወረዳው መንገድ አንገብግቦት ይመርጣል። ሌላዋ የጉዳይ መጓተት አማሯት። ሌላው አንድን ፓርቲ ስለማይፈልግ ብቻ። ሁሉም በቂ ምክንያት ነው።

«ማንን እንደመረጥኩ ያውቁብኛል።»

ምስጢራዊነቱ በሕግ የተጠበቀ ነው። ወረቀቱ ላይ የመራጭ ስም አይጻፍም። ጣት ላይ የሚቀባው ቀለም ድምፅ መስጠትህን እንጂ ለማን እንደሰጠህ አይናገርም። ወረቀትህን ፎቶ አንስተህ ለሰው ካላሳየህ በቀር፤ እባክህ አታድርገው።

«አባወራው ከመረጠ ለቤቱ ይበቃል።»

አይበቃም። ድምፅ እንደ እድር መዋጮ በቤት አይቆጠርም። ዕድሜው 18 የሞላው ሁሉ የራሱ ድምፅ አለው። ለሴቶችም ቢሆን ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ተመርጠው ምክር ቤት ገብተዋል።

«መታወቂያ ይዤ በዕለቱ ብሄድ ይበቃኛል።»

ቀድመህ ካልተመዘገብክ አትመርጥም። በየምርጫው ብዙ ሰው የሚቆጨው እዚህ ላይ ነው።

«ካልመረጥክ የመናገር መብት የለህም።»

ይህቺ አባባል ታናድደኛለች። አውስትራሊያ ውስጥ መምረጥ ግዴታ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። እኛ ጋ ግን መብት ነው። ሳይመርጥ የቀረ ገበሬም ግብሩን ይከፍላል፤ ማዳበሪያ ሲዘገይበትም ወረዳ ሄዶ ይጮሃል።