ድርቅን የሚቋቋም ዘር ማለት ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ ወሎና ስለ ሐረርጌ ማሽላ ሲጽፍ «ድርቅን የሚቋቋም ዘር እያለ ገበሬው ዘግይቶ የሚደርሰውን ነባር ማሽላ አልለቅም ማለቱ ግትርነት ነው» አለ። የጠቀሳቸው ዘሮች በሙሉ ቶሎ የሚደርሱ ናቸው። ይህ ስህተት በዜናውም በሪፖርቱም ስለሚደጋገም በግልጽ ልናገር፦ ቶሎ የሚደርስ ዘር ድርቅን ያመልጣል እንጂ አይቋቋምም።

ጎተራቸው የሚጎድልባቸው ሦስት ቤተሰቦች አሉ እንበል። አንደኛው ክፉው ወር ሳይደርስ ጓዙን ጠቅልሎ ዘመድ ጋ ይሄዳል። ሁለተኛው እህሉ ከአውድማ ከገባበት ቀን ጀምሮ እየሰፈረ ይበላል። ሦስተኛው ጎተራው ባዶ ሆኖም ረሃቡን ችሎ ይቆያል። «መልካም» የተባለው የመልካሳ ምርምር ማዕከል ማሽላና «ጸደይ» የተባለው የደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ጤፍ፣ ሁለቱም ቶሎ ደራሾች፣ እንደ አንደኛው ናቸው። ዝናቡ መጨረሻ ላይ ቀድሞ ቢያቋርጥ ያተርፋሉ። ችግሩ ሐምሌ ላይ፣ ጓዙ ሳይታሰር ቢመጣስ? ዕድሜያቸው አጭር ስለሆነ ዝናቡ ሲመለስ የሚያገግሙበት ጊዜ ያንሳቸዋል። ረጅሙ ነባር ማሽላ ግን እድገቱን ገትቶ ቆይቶ ሊያንሰራራ ይችላል። አገዳውም ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለቤት ይሆናል። ቶሎ ደራሹ ደግሞ ከሌላው ማሳ ቀድሞ ሲያሽት ወፍ ይረባረብበታል። ገበሬው ይህን ሁሉ አስልቶ ነው የሚወስነው፤ ግትርነት ብሎ መጥራት ስድብ ነው።

ሁለተኛው ቤተሰብ ከእኛው አገር ማሽላ ውስጥ አለ። በዓለም ማሽላ አዳቃዮች ዘንድ ስሙ የታወቀው ቢ35 (በኋላ ስሙ ቢቲኤክስ642) ከኢትዮጵያ ነባር ዘር የተገኘ ነው። ካበበ በኋላ ውሃ ቢያጥረው እንኳ ቅጠሉ ቶሎ አይደርቅም። ዋናው ምስጢር ቁጠባ ነው፦ ከማበቡ በፊት ቅርንጫፍ ስለማያበዛና ቅጠሉን ስለማያሰፋ አፈር ውስጥ የተረፈው ውሃ ፍሬ ለሚሞላበት ጊዜ ይደርሳል። ጎተራው መጀመሪያውኑ ካልሞላ ግን መስፈሩ ምን ይረባል? ውሃ በማይዝ ስስና ድንጋያማ አፈር ላይ ይህ ባሕርይ ብዙም አይፈይድም። ይኸው ቢ35 ከማበቡ በፊት ለሚመጣ ድርቅ ደግሞ ደካማ ነው! «ድርቅን ይቋቋማል» ሲባል «የትኛውን ድርቅ፣ መቼ የመጣውን?» ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው፣ ሴሉ ውስጥ ውሃ ጎድሎም ሥራውን የሚቀጥለው፣ በትክክል ተቋቋመ የሚባለው ነው። በዘረመል ምርምር ብዙ የሚወራለትም እሱ ነው። ሆኖም ችግኝን ቆርቆሮ ውስጥ አስጠምቶ «አልሞተም» ማለት ማስረጃ አይሆንም። ገበሬ የሚፈልገው ፍሬ ነው፤ ሳይሞት መክኖ የሚቀር ማሽላ ለእሱ ከደረቀው አይሻልም። በዚያ ላይ ማሳ ላይ ድርቅ ብቻውን አይመጣም፤ ሙቀቱም፣ የማሽላን ሥር የሚመጠምጠው አረም አቀንጭራውም አብረውት አሉ።

ማሻሻል የምንፈልግ ከሆነ መጀመሪያ የየአካባቢውን ድርቅ ወቅት መለየት፣ ከዚያ ለዚያ የሚስማማውን ባሕርይ ገበሬው በሚወደው ነባር ዘር ላይ ማዳቀል ነው። ጎን ለጎን ውሃውን ማሳው ላይ ማስቀረት ይገባል። ሽልሻሎ ሲደረግ፣ ማለትም የበቀለው ሰብል መካከል በበሬ ሲታረስ፣ ትልሙን በየተወሰነ ርቀት በአፈር ቢዘጉት ጎርፍ ሆኖ የሚሄደው ዝናብ እዚያው ይሰርጋል፤ ጥቁር አፈር ላይ ግን ውሃው ተኝቶ ሥሩን ሊያፍን ስለሚችል ይህን አልመክርም።