6/6 ያየ ዓይን ጤነኛ ነው ማለት ነው?

የዓይን ሐኪም «6/6» ብሎ ሲጽፍ ብዙ ሰው ከ6 ጥያቄ 6 እንዳገኘ ይቆጥረዋል። አይደለም። የላይኛው ቁጥር ከፊደል ሰሌዳው የቆማችሁበት ርቀት ነው፤ 6 ሜትር። የታችኛው ደግሞ ጤናማ ዓይን ያንኑ ፊደል የሚለይበት ርቀት ነው። 6/60 ከሆናችሁ፣ ሌላው ከ60 ሜትር የሚለየውን ፊደል እናንተ 6 ሜትር ድረስ ቀርባችሁ ነው የምታዩት። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን 20/20 የሚሉትም ይኸው ነው፤ በጫማ ተለክቶ። ሰሌዳውን እ.ኤ.አ. በ1862 ያወጣው ሆላንዳዊው ሐኪም ኸርማን ስኔለን ነው።

ግን አደራ፣ ይህን ልብ በሉ። ፈተናው በዋናነት የሚለካው የሬቲናን፣ ማለትም በዓይን ውስጥ ከኋላ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ መሃል ነው። የዓይን ነርቭን የሚጎዳው ግላኮማ የተባለው በሽታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የጎን እይታን ነው ቀድሞ የሚበላው፤ ያውም ሳያም። 6/6 እያየ ዳር ዳሩን ያጣ ሰው አለ። በተለይ በቤተሰብ ግላኮማ ካለ፣ የዓይን ግፊቴና የዓይን ነርቬም ይታይ በሉ።