ደብተር እያለ ለምን ያስከፍላሉ?

አራዳ ጉልት የምትሸጥ ጎረቤቴ የጤና መድህን ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ቀጥታ ሆስፒታል ሄደች። «ሪፈር የታለ?» አሏት። ከኪሷ ከፈለች። አንጀቴን በላችኝ፤ አስቀድሞ የነገራት ሰው የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ደመወዝተኛ ላልሆነው የታሰበ ነው። አሠራሩን የሚደነግገው ፌዴራል ነው፤ መዝግቦ መዋጮ የሚሰበስበው ግን ወረዳ። የሚመዘገበው ቤተሰብ ነው። አቅም ለሌላቸው መንግሥት ይከፍላል።

ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ሪፈር ይጽፋል፤ ሆስፒታሉ የሚያስተናግደው በዚያች ወረቀት ነው። ደብተሩን ደግሞ በየዓመቱ ያሳድሱ።